የመኪና ድምፅ በማይሰማበት መንገድ፦ በቡርጎኝ የወይን ኮረብታዎች መካከል ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ በብስክሌት የመጓዝ መመሪያ

በፈረንሳይ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በቡርጎኝ ክልል፣ ዢቭሪ ከምትባል ትንሽ የወይን ከተማ ተነሥቶ እስከ ክሉኒ ድረስ 44 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ፣ መኪናም ሆነ ሞተር ብስክሌት እንዳይገባበት የተከለከለ የአስፋልት መንገድ አለ። የአገሩ ሰዎች «ቭዋ ቬርት» ይሉታል፤ ትርጉሙ «አረንጓዴ መንገድ» ማለት ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ሲመረቅ በመላ ፈረንሳይ የመጀመሪያው አረንጓዴ መንገድ እርሱ ነበር። የተሠራው ባቡር መመላለስ ባቆመበት መስመር ላይ፣ ሐዲዱ ተነሥቶ ነው፤ የድሮዎቹ ጣቢያ ቤቶችም በየከተማው ዳር ዛሬም ቆመው ይታያሉ።

ለብስክሌተኛው ትልቁ ጥቅም የመነጨው ከዚህ የባቡር ታሪክ ነው። የእንፋሎት ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይችል፣ መስመሩን የቀየሱት መሐንዲሶች ጉብታውን ቆርጠው፣ ጎድጓዳውን ሞልተው፣ ኮረብታውን ዞረው ሠርተውታል። ስለዚህ ግራና ቀኙ ወይን የለበሰው ኮረብታ ከፍ ዝቅ ሲል እየታየ፣ እግር ግን ድካሙ እምብዛም አይሰማውም። በዕድሜ የገፉ ሰዎች፣ ብስክሌት ከነዱ ብዙ ዓመት ያለፋቸው፣ ገና መንዳት የለመዱ ልጆችም አብረው ሊጓዙበት የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለእነርሱ፣ በተለይም በፓሪስ፣ በሊዮንና በጄኔቫ ለሚኖሩ ወገኖች፣ እንዲሁም ዘመድ ለመጠየቅ ከሌላ አገር ለሚመጡ እንግዶች ነው።

የጉዞውን ርዝመት መወሰን

በመጀመሪያ ስንት ቀን እንደሚጓዙ ይወስኑ። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው 44ቱን ኪሎ ሜትር ሦስት ሰዓት ያህል ፔዳል በመምታት ይጨርሰዋል፤ ይህ ሒሳብ ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። ማለዳ ተነሥቶ ለምሳ ክሉኒ የደረሰ ሰው መንገዱን ጨረሰ እንጂ አገሩን አላየም። የእኔ ምክር መንገዱን በሁለት ቀን መክፈል ነው። በመጀመሪያው ቀን ከዢቭሪ እስከ ሳን ዣንጉ ለ ናሲዮናል ወይም ጥቂት አለፍ ብሎ እስከ ኮርማታን ተጉዞ ማደር፣ በሁለተኛው ቀን ደግሞ በቴዜ በኩል ወደ ክሉኒ መዝለቅ ይበቃል።

ርቀቱን ለመመደብ ይህን ግምት ይያዙ፦ ከዢቭሪ እስከ ቡሲ ወደ 9 ኪሎ ሜትር፣ ከቡሲ እስከ ሳን ዣንጉ ወደ 13፣ ከዚያ እስከ ኮርማታን ወደ 10፣ ከኮርማታን እስከ ክሉኒ ደግሞ ወደ 13 ኪሎ ሜትር ነው። ትናንሽ ልጆች ካሉ ከእነዚህ አንዱን ብቻ መርጠው በመጡበት ይመለሱ። ወይኑን ለማየት ከዢቭሪ እስከ ቡሲ ያለው ክፍል ይበልጣል፤ ከኮርማታን እስከ ክሉኒ ያለው ደግሞ የግሮንን ወንዝ ሸለቆ ተከትሎ ስለሚሄድ መስኩ፣ ነጫጮቹ የሻሮሌ ከብቶችና የዛፍ ጥላው ልጆችን ያስደስታል። በነገራችን ላይ የቡሲ ስም በፈረንሳይኛ ሲጻፍ በመካከሉ የ«ኤክስ» ፊደል አለበት፤ የአገሩ ሰው ግን «ቡሲ» ብሎ ነው የሚጠራት፤ መንገድ ሲጠይቁ ይህን ማወቁ ይጠቅማል።

ወቅት መምረጥ

በግንቦትና በሰኔ የወይኑ ቅጠል ለጋ ነው፤ ቀኑ ረጅም ነው፤ ሙቀቱም አያስጨንቅም። በሐምሌና በነሐሴ ፀሐዩ ሊበረታ ስለሚችል ማለዳ መነሣትና የቀትሩን ሰዓት ጥላ ሥር ማሳለፍ ያስፈልጋል። እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው እኛ እንቁጣጣሽን የምናከብርበትን ሰሞን ነው፤ የወይን ለቀማው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ወቅት ስለሚካሄድ ለቃሚዎች በየረድፉ ጎንበስ ብለው ሲቆርጡ፣ ተጎታች ያሰሩ ትራክተሮች ፍሬ ጭነው ወደ መጥመቂያው ሲመላለሱ ይታያል። በሞቃት ዓመት ለቀማው በነሐሴ መጨረሻ ሊጀመር ይችላል። በዚህ ሰሞን የሚጓዝ ሰው ሁለት ነገር ማሰብ አለበት፦ ማደሪያው በለቃሚዎች ስለሚያዝ ቀደም ብሎ ክፍል ማስያዝ፣ የእርሻ መንገድ ከአረንጓዴው መንገድ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ደግሞ ለትራክተር ፍጥነት መቀነስ። በአውሮፓ ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ ጉዞው የሚቻል ቢሆንም ከክሉኒ ወዲያ ያለው ዋሻ ዝግ ነው፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ መነሻው መድረስ

መነሻ የምትሆነው የባቡር ከተማ ሻሎን ሱር ሶን ናት። ከዲዦንም ሆነ ከሊዮን የሚነሡት «ቴ.ኧ.ኤር» የሚባሉት የክልል ባቡሮች እዚያ ይቆማሉ፤ እነዚህ ባቡሮች ብስክሌት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይጭናሉ፤ ቦታው ግን ውስን በመሆኑ የሳምንቱን መጨረሻ ቀናትና የበዓል ዋዜማን መሸሽ ይመረጣል። ከፓሪስ በፈጣኑ ባቡር፣ በ«ቴ.ዤ.ቬ» የሚመጣ ሰው የብስክሌቱን ጉዳይ ትኬት ሲቆርጥ ማጣራት አለበት፤ አለዚያ ብስክሌቱን ፈትቶ በከረጢት ማስገባት ሊኖርበት ይችላል። ከሻሎን እስከ ዢቭሪ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባቡርዎ እስኪደርስ ወይም ብስክሌቱ እስኪዘጋጅ ጊዜ ካለዎት፣ ሻሎን ፎቶግራፍን የፈለሰፈው ኒሴፎር ኒየፕስ በ1765 እ.ኤ.አ. የተወለደባት ከተማ ስለሆነች በስሙ የተሰየመውን ሙዚየም ጎራ ብለው ይዩት።

ብስክሌቱን ማዘጋጀት

ለዚህ መንገድ ውድ ብስክሌት አያስፈልግም። ፍሬኑ የሚይዝ፣ ማርሹ በቀላሉ የሚቀየር፣ ጎማው ከእሽቅድምድም ብስክሌት ጎማ ሰፋ ያለ ማናቸውም ብስክሌት ይበቃል። የሚከራዩ ከሆነ ከቀናት በፊት ደውለው ቁመትዎን ይንገሩ። በኤሌክትሪክ የሚታገዝና በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ የማይገፋ ብስክሌት በሕጉ እንደ ማንኛውም ብስክሌት ስለሚቆጠር በአረንጓዴው መንገድ ላይ ይፈቀዳል፤ ጉልበት ለሚያማቸው ሰዎች እውነተኛ እረፍት ነው።

ብስክሌቱን ሲረከቡ ከሁሉ በፊት የመቀመጫውን ከፍታ ያስተካክሉ። ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጡ፤ ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ አድርገው ፔዳሉን ወደ ታች ጫፍ ያድርሱት፤ በዚያን ጊዜ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። ጉልበቱ ከታጠፈ መቀመጫው ዝቅ ብሏል፤ ዳሌዎ ወደ ጎን ከተንጋደደ ደግሞ ከፍ ብሏል ማለት ነው። በትክክል የተስተካከለ መቀመጫ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ዋጋው ይታወቃል። ቀጥሎ ሁለቱን ፍሬኖች አንድ በአንድ ይዘው ብስክሌቱን ወደፊት ይግፉት፤ ጎማው ከዞረ አይረከቡ። ደወል፣ የፊትና የኋላ መብራት መኖሩን ያረጋግጡ። ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ሄልሜት ማድረግ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ ነው፤ ለአዋቂ ግዴታ ባይሆንም እኔ ያለ ሄልሜት አልነዳም። በጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃ እየሰሙ መንዳት በሕግ የተከለከለ ነው።

ሻንጣ በጀርባ አይሸከሙ። ላብ ከማስቸገሩም በላይ ክብደቱ በሙሉ መቀመጫው ላይ ያርፋል፤ ከኋላ ጎማ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠል ከረጢት ይጠቀሙ። በከረጢቱ ውስጥ አንድ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ጎማ ማውለቂያ ሁለት የፕላስቲክ ማንኪያዎች፣ ትንሽ መንፊያ፣ የዝናብ ልብስ፣ ሹራብና ቢያንስ አንድ ሊትር ውኃ ይኑር።

ስለ ጎማ መተንፈስ በራሴ የደረሰውን ልናገር። ከቡሲ ጥቂት እንደራቅሁ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ፤ አዲሱን የውስጥ ጎማ አስገብቼ፣ ነፍቼ፣ በሥራዬ ረክቼ ተነሣሁ፤ ገና አንድ ኪሎ ሜትር ሳልሄድ እንደገና ተነፈሰ። የመጀመሪያውን የወጋው እሾኽ ከውጭው ጎማ ሳይወጣ በቦታው ቀርቶ ነበር። ስለዚህ የውስጡን ጎማ ካወጡ በኋላ አዲሱን ለማስገባት አይቸኩሉ። በመጀመሪያ የተነፈሰውን ጥቂት ነፍተው አየር የሚያወጣበትን ቦታ በከንፈርዎ ወይም በጉንጭዎ አጠገብ በማሳለፍ ይፈልጉ። ቀጥሎ ያ ቦታ ከውጭው ጎማ የትኛው ክፍል ጋር እንደሚገጥም ከቬንቲሉ፣ ማለትም አየር ከሚነፋበት ቀዳዳ፣ ተነሥተው ይለኩ። ከዚያም በጨርቅ የተጠቀለለ ጣት ወደ ውጭው ጎማ ውስጥ አስገብተው ዙሪያውን በቀስታ ይዳብሱ። ጨርቁ የሚይዝበት ቦታ ላይ እሾኹ፣ ሽቦው ወይም የጠርሙስ ስባሪው ይገኛል። እሱ ከወጣ በኋላ ብቻ አዲሱን ያስገቡ።

በመንገዱ ላይ መንዳት

ከዢቭሪ ሲወጡ ኮረብታው ወዲያው በቀኝዎ ይሆናል። የወይን ረድፎቹ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ቀጥ ብለው ከመንገዱ ዳር እስከ ጫካው ግርጌ ይወጣሉ፤ በአንዳንዱ ረድፍ ጫፍ ላይ ጽጌረዳ ተተክሎ ያያሉ። በዚህ አካባቢ ቆም ብለው አፈሩን ይመልከቱት፤ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ስባሪ የበዛበት ሸክላማ አፈር ነው፤ ያካባቢው ወይን ጠጅ ጠባይ ከዚሁ ይመጣል ይላሉ ገበሬዎቹ። ሆኖም ረድፎቹ መካከል ብስክሌት ይዞ መግባት አይገባም፤ የሰው እርሻ ነው፤ አንዲት ዘለላም ብትሆን ያለ ፈቃድ መቁረጥ ስርቆት ነው።

መንገዱ ላይ መኪና የለም ማለት ሰው የለም ማለት አይደለም። እግረኞች፣ በመንኮራኩር ጫማ የሚንሸራተቱ ልጆች፣ ሽማግሌዎችና በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ ሰዎች የሚጠቀሙበት የጋራ መንገድ ነው። ቀኝዎን ይያዙ፤ ከኋላ ሲደርሱ ደወሉን ከሩቅ አንድ ጊዜ ይምቱ፤ ሰውየው ዞር ብሎ እንዳየዎት ካረጋገጡ በኋላ በግራ ይለፉ፤ ሲያልፉም «ቦንዡር» ይበሉ። በአገራችን በመንገድ የተገናኘ ሰው ሰላምታ እንደማይነፋፈገው ሁሉ በዚህም አገር ገጠር ሰላም ሳይሉ ማለፍ ያስነውራል።

አደጋ ሊያጋጥም የሚችለው የመኪና መንገድ አረንጓዴውን መንገድ በሚያቋርጥበት ቦታ ነው። በእነዚህ መገናኛዎች ላይ መኪና እንዳይገባ መከለያ ተተክሏል፤ ቅድሚያው ግን ብዙውን ጊዜ የመኪናው ነው። ረጅም ሰዓት ያለ ሥጋት የነዳ ሰው ጥንቃቄው ስለሚላላ፣ ልጆችን ይዘው ሲጓዙ «መከለያ ባያችሁ ቁጥር እግራችሁን መሬት አድርጉ» የሚል ደንብ ከመነሻው ያውጡ። ልጆች ከፊት፣ አንድ አዋቂ ከኋላ ሆኖ መጓዝም ጥሩ ነው። ለድንገተኛ አደጋ በመላ አውሮፓ የሚሠራው ቁጥር 112 ነው።

ስለ ምግብና ውኃ ቸል አይበሉ። በትናንሽ መንደሮች ሱቆች ከቀትር በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል ይዘጋሉ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚከፍት ጥቂት ነው፤ ብዙ ዳቦ ቤቶችም ሰኞን ያርፋሉ። ስለዚህ ዳቦና ፍራፍሬ ጠዋት ገዝተው ይነሡ፤ የጾም ቀን ከሆነ ደግሞ የአካባቢው ምግብ በአብዛኛው በአይብ፣ በቅቤና በሥጋ የሚሠራ ስለሆነ ስንቅ ከቤት ይዞ መምጣት ይመረጣል። የውኃ ቧንቧ ላይ «ኦ ኖን ፖታብል» የሚል ጽሑፍ ካለ ውኃው ለመጠጥ አይሆንም ማለት ነው።

ወይን ጠጅ መቅመስ

በዚህ ነገር ላይ ጠንከር ብዬ የምናገረው አለ። ቅምሻው በጉዞው መካከል ሳይሆን በቀኑ መጨረሻ፣ ብስክሌቱ ማደሪያው በር ላይ ከታሰረ በኋላ መሆን አለበት። በፈረንሳይ ሕግ በአንድ ሊትር ደሙ ውስጥ 0.5 ግራም አልኮል የተገኘበት ሰው ብስክሌትም ቢሆን መንዳት አይፈቀድለትም። ሕጉ ባይኖርም እንኳ በፀሐይ የደረቀ አካል ላይ የሚወርድ ወይን ጠጅ ቶሎ ራስ ላይ ይወጣል። የመጀመሪያውን ሌሊት ቡሲ ለማደር የሚመርጡ ሰዎች ምክንያታቸው ይህ ነው፦ በ1931 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የወይን ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር መጥመቂያና መሸጫ እዚያው ከተማ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ምሽቱን በእግር ሄዶ መቅመስ ይቻላል።

በቀን መቅመስ የግድ ከሆነ መትፋትን ይልመዱ። በእኛ ዘንድ ባለቤቱ ቀድቶ ያቀረበውን መጠጥ መትፋት ትልቅ ነውር በመሆኑ ይህን ማድረግ ለብዙዎቻችን ይከብዳል፤ እኔም በመጀመሪያ ጊዜ አፍሬ የቀረበልኝን ሁሉ ጠጥቼዋለሁ። በቡርጎኝ ግን ጠማቂው ራሱ ይተፋል፤ ማሰሮ የሚመስለው መትፊያም ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ለዚሁ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ብርጭቆውን ከግርጌው ይያዙ፤ ቀለሙን በነጭ ነገር ላይ አዘንብለው ይዩ፤ ሳያንቀሳቅሱ አንድ ጊዜ፣ አዙረው ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ያሽትቱ፤ ጥቂት ተጎንጭተው በአፍዎ ውስጥ ያንከባሉት፤ ከዚያም ወደ መትፊያው ይትፉ። ነጩ ይቀድማል፤ ቀዩ ይከተላል። ትናንሽ ጠማቂዎች ጋር ከመሄድዎ በፊት ስልክ ይደውሉ፤ የቀመሱበት ቤትም ቢያንስ አንድ ጠርሙስ መግዛት ወግ ነው።

በኢትዮጵያ የካስቴል ኩባንያ በባቱ አካባቢ ከሚያለማው ወይን የሚወጡትን የሪፍት ቫሊ ጠርሙሶች የሚያውቅ አንባቢ፣ በጽሑፉ ላይ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ሻርዶኔ የሚሉ የወይን ዘር ስሞችን ለምዷል። በቡርጎኝ ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ግን ብዙውን ጊዜ የቦታው ስም ነው፤ ዘሩን ማወቅ ከገዢው ይጠበቃል። «ዢቭሪ» የሚለው በአብዛኛው ከፒኖ ኗር የተጠመቀ ቀይ ነው፤ በቡሲ ዙሪያ የሚመረተው «ሞንታኚ» ከሻርዶኔ የሚጠመቅ ነጭ ብቻ ነው፤ ወደ ደቡብ ሲወርዱ የሚያገኙት «ማኮን» ነጩ እንዲሁ ሻርዶኔ ነው። በዚያው በማኮን አገር ሻርዶኔ የምትባል መንደርም አለች። አንድ ጠርሙስ ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን ሁለት ቢገዙ ይበቃል፤ በሹራብ ጠቅልለው በግራና በቀኝ ከረጢት ከታች ያስቀምጡአቸው፤ ፀሐይ ላይም አይተዋቸው።

ከሳን ዣንጉ እስከ ክሉኒ

ሳን ዣንጉ ጠባብ መንገዶች ያሏት አሮጌ ከተማ ናት፤ ብስክሌት አቁሞ በእግር መዞር ይሻላል። ኮርማታን በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የታነጸ ቤተ መንግሥት አላት፤ በወርቅና በሰማያዊ ቀለም ያጌጡት ክፍሎቹ ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው።

ከኮርማታን ጥቂት አለፍ ብሎ በኮረብታ ላይ የምትታየው መንደር ቴዜ ናት። ወንድም ሮዠ የሚባለው መነኩሴ በ1940 እ.ኤ.አ.፣ ጦርነቱ አውሮፓን ባወካበት ዘመን፣ ከጄኔቫ በብስክሌት ተነሥቶ ወደዚህ መጥቶ ነው ዛሬ ከየአገሩ ወጣቶች የሚሰበሰቡበትን ማኅበር የመሠረተው። ወደ መንደሩ የሚወጣው ዳገት አጭር ግን ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ ከአረንጓዴው መንገድ ወጥተው ብስክሌቱን እየገፉ መውጣት አያሳፍርም። ጸሎት በቀን ሦስት ጊዜ ይደረጋል፤ የቀትሩ ጸሎት ለመንገደኛ ይመቻል። ለጸሎት ቤት የሚሆን ልብስ ወይም ነጠላ በከረጢትዎ ላይኛው ክፍል ያስቀምጡ፤ በጸሎቱ መካከል ረጅም የዝምታ ጊዜ ስላለም ልጆችን አስቀድመው ያዘጋጁ።

ክሉኒ ሲደርሱ ቢያንስ ግማሽ ቀን ይስጧት። በ910 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ገዳም ከ1088 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያነጸው ሦስተኛው ቤተ ክርስቲያን 187 ሜትር ርዝመት ነበረው፤ በሮም አዲሱ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን እስኪሠራ ድረስም በምዕራቡ ክርስትና ዓለም የሚስተካከለው አልነበረም። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ተሽጦ ድንጋዩ ለቤት መሥሪያ ስለተወሰደ ዛሬ የቀረው ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። የቀረውን ማማ ሥር ቆመው ሲያዩና በመሬቱ ላይ የታዩትን የዓምዶች መሠረት በእግርዎ ሲለኩ ግን የጥንቱ ስፋት ይገባዎታል። ላሊበላን ወይም አክሱምን ያየ ሰው እንዲህ ያለ ፍርስራሽ ፊት ዝም ብሎ መቆምን ያውቅበታል።

በዋሻው አልፎ ወደ ማኮን መውጣት

ከክሉኒ ወዲያ መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቀጥሎ ማኮን አጠገብ ካለችው ሻርኔ ይደርሳል። በመካከሉ 1.6 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የብዋ ክሌር የባቡር ዋሻ አለ። በክረምት የሌሊት ወፎች በውስጡ ስለሚተኙ እነርሱን ላለማወክ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ በላዩ ያለውን ኮረብታ በመኪና መንገድ መውጣት የግድ ስለሚሆን ከመነሣትዎ በፊት መከፈቱን በክሉኒ የቱሪስት ቢሮ ያጣሩ።

ወደ ዋሻው አፍ ሲደርሱ ቁሙ። ሹራብ ይልበሱ፤ በሐምሌ ፀሐይ ላብ አጥልቆዎት የገቡ እንደሆነ የውስጡ ቅዝቃዜ እንደ ደጋ ሌሊት አጥንት ድረስ ይሰማል። የፀሐይ መነጽርዎን ያውልቁ፤ የፊትና የኋላ መብራት ያብሩ፤ ዓይንዎ ጨለማውን እስኪለምድ በዝግታ ይግቡ። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውኃ አስፋልቱን ስለሚያረጥብ በድንገት ፍሬን አይያዙ። ልጆች ድምፃቸውን ለማስተጋባት መጮኽ ይወዳሉ፤ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሰው ደወል ለመስማት ግን ጸጥታው ይሻላል።

ከዋሻው ሲወጡ ቁልቁለቱ ቀላል ነው፤ የቤርዜ ለ ሻቴል ግንብ በወይኑ መካከል ብቅ ይላል፤ ራቅ ብሎም የሶሉትሬ ገደል እንደ መርከብ አፍንጫ ሾሎ ይታያል። ሻርኔ ላይ አረንጓዴው መንገድ ስለሚያበቃ ወደ ማኮን መሃል የሚወስዱትን የብስክሌት ምልክቶች ይከተሉ። በማኮን ሁለት ባቡር ጣቢያዎች ስላሉ ትኬትዎን ደግመው ያንብቡ፦ የክልል ባቡሮች የሚቆሙት በከተማው ውስጥ ባለው «ማኮን ቪል» ነው፤ «ማኮን ሎሼ» የሚባለው የፈጣኑ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ሜዳ ላይ ይገኛል። ባቡሩ ሲመጣ የብስክሌት ሥዕል ያለበትን በር ይፈልጉ፤ ከረጢቶቹን ከጠርሙሶቹ ጋር አስቀድመው ያውርዱና ብስክሌቱን ከዚያ በኋላ ያስገቡ።